«በጣም ረክታለች» ስለ ተባልኩት ስለ እኔ

ለክቡር አቶ ዳኘ ወልደ ሰንበት
የርቀት ሕክምና አገልግሎት አስተባባሪ
ሆሳዕና፣ ጥር 2008 ዓ.ም.

ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? ስድስተኛ ልጅዎን እንደ ሳሙ ሰምቼ ደስ ብሎኛል፤ ፈጣሪ ያሳድግልዎ፤ ለእርስዎ ሲሰጥ በስክሪን በኩል ስላላደረገውም አመሰግነዋለሁ። እኔ በገበያው ዳር ጨርቅ የምሸጥ፣ የአይሱዙ ሾፌሩ የፈትሁዲን ሚስት ስሆን፣ በትዳራችን ልጅ ስላጣን አገልግሎትዎን የተጠቀምኩ ሴት ነኝ። በግድግዳ ላይ ባስለጠፉት ሪፖርት «በጣም ረክተዋል» ከተባሉት ተገልጋዮች አንዷ መሆኔን ስላወቅሁ፣ ስለ እርካታዬ ላመሰግንዎ ብዕር አነሣሁ።

1ኛ/ የመካንነት ሕክምናችን በስብሰባ አዳራሹ ትልቅ ስክሪን እንዲሰጥ ስላደረጉ አመሰግናለሁ። የሆመቾና የቦኖሻ ባለጉዳዮችም በዚያው መስመር ላይ ስለ ነበሩ፣ ሐኪሙ ከአዲስ አበባ ሆነው ከባለቤቴ ጋር አብረን ስለምናድርባቸው ሌሊቶች ሲጠይቁኝ ሦስት ከተማ ጸጥ ብሎ አዳመጠ። በሳምንቱ አንዲት የሆመቾ ሴት ሻርፕ ልትገዛ መጥታ፣ ዋጋ ከመጠየቋ በፊት የእሷም ባል እንደኔው ባል መንገደኛ መሆኑን ነግራ አጽናናችኝ። የተሞክሮ ልውውጥ የሚባለው ይኸው መሰለኝ።

2ኛ/ አማቴ ለልጃቸው ከቦኖሻ ሁለተኛ ሚስት አጭተው ስለ ነበር፣ ከእርስዎ ስክሪን የፈለግሁት አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር። የእኔ ምርመራ ሁሉ ደኅና ነው፤ የቀረው የእሱ ነው። ይህን እኔ ብናገረው ስድብ ይሆናል፣ ሐኪም ሲናገረው ግን ሳይንስ ነው። ፈትሁዲንም ሐኪም ፊት አልቀርብም ሲል ኖሮ፣ ከስክሪን ውስጥ እጅ ዘርግቶ የሚነካው እንደሌለ ምዬ ተገዝቼ አመጣሁት። ሐኪሙ ውጤቴን አይተው፣ ፈገግ ብለው፣ «እንግዲህ አሁን መመርመር ያለባቸው…» እንዳሉ ኔትወርኩ ሄደ። ፈገግታቸው ስክሪኑ ላይ ደርቆ ቀረ፤ ስለዚህ በመጠይቅዎ ላይ ባለሙያው በፈገግታ አስተናግዶን እንደሆነ ለተጠየቀው፣ ተራው የሌላ ሰው ነው ተብለን እስክንወጣ ድረስ አልተለየንም ብዬ እመሰክራለሁ። የቀረውን ዓረፍተ ነገር አማቴ እቤታቸው ሆነው ጨረሱት፤ መመርመር ያለባት ሚስቲቱ ናት ብለው።

3ኛ/ ሠራተኛዎ ወይዘሮ ብርቅዬ እኔን ላለማድከም ብላ መጠይቁን ራሷ ሞልታልኛለች። ሌላ ቀጠሮ ብለምንም የረካ ተገልጋይ ጉዳዩ እንደ ተጠናቀቀ ይቆጠራል ተባልኩ። ደግ ሴት ናት፤ ውኃ ሰጥታ ሸኘችኝ። እኔ ግን ከአዳራሹ እስከ ሱቄ ድረስ በሰው ፊት እያለቀስኩ ሄድኩ፤ ፈትሁዲንን እወደዋለሁና። ይህንን ለሪፖርትዎ በሚመች መንገድ በመቶኛ ማስላት ስላቃተኝ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

የአገልግሎትዎ እርካታ መቶ በመቶ እስኪሞላ ዕድሜና ጤና እየተመኘሁ፣ ከመስመርዎ በተለየ የማይቋረጥ አክብሮቴን አቀርባለሁ።

ተገልጋይዎ
ሊሻን አህመድ

ማስታወሻ፦ የሁለተኛዋ ሚስት ኒካሕ ለመጪው ወር ተቆርጧል። ሙሽራዋ ገና ልጅ ናት፣ ምንም ጥፋት የለባትም። ባሏ እስከ ዛሬ አልተመረመረምና፣ የተቀመጥኩበትን ወንበር እባክዎ አያስነሡት፤ ሁለት ዓመት ቢቆይ እሷም ልትረካ ትመጣለች።