ርቆ ስለሄደው ኳስና ስለ ባለቤቴ ግራ ዓይን

ለክቡር አቶ ሮደሪክ ዳልጋርኖ
የኪልሃርቪ ጎልፍ ክለብ ኮሚቴ ሊቀመንበር

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እያልኩ፣ ወገብዎ፣ ትከሻዎና በተለይም ሁለቱም ዓይኖችዎ በሙሉ ጤንነት እንዲቆዩልዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ባለቤቴ ኒኒያን ካርጊል፣ ክለብዎን ሠላሳ ሰባት ዓመት በሣር ጠባቂነት ያገለገለው ማለቴ ነው፣ በቀረችው ዓይኑ ሰላምታ ያቀርብልዎታል።

የጎልፍ ሜዳዎን አሥራ አራተኛ ቀዳዳ በተመለከተ ለስድስታችን ጎረቤታሞች የላኩልን ደብዳቤ ደርሶናል። በአኃዝ አስደግፈው እንዳስረዱን፣ ዘመኑ የርቀት ነው፤ ሃያ ያርድ አርቆ የሚመታ ፕሮፌሽናል ኳሱ ከታጨደው የመጫወቻ ሣር ብትወጣበት እንኳ፣ አሳጥሮ ቀጥ አድርጎ ከሚመታው ይልቅ ተጠቃሚ ነው። ስለዚህም ኳስ የሚመታበት መነሻ ሃምሳ ያርድ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ እሾሃማው ቁጥቋጦ ይመነጠራል፣ ባለ ጡንቻዎቹም እንደ ልባቸው ይመታሉ። እኔ የጎልፍ ዱላ ተሸካሚ ልጅ ስለሆንኩ መቁጠር አያቅተኝም፤ አኃዙ ትክክል ነው። የጎደለው ነገር ቢኖር፣ ኳሷ ከታጨደው ሣር ስትወጣ የምታርፍበት ቦታ ላይ ሰው መኖሩ ብቻ ነው። በአሥራ አራተኛው ቀዳዳ ቀኝ በኩል ያለው ደግሞ እናቶቻችንም እኛም ልብስ ያሰጣንበት ሣር ነው። ስለዚህ የሚከተሉትን ጥቃቅን ቅሬታዎች በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ እጅ። በዚህች ከተማ ኳሱ ወደ ሰው የሄደበት መቺ «ፎር!»፣ ተጠንቀቁ ለማለት፣ ብሎ ይጮኻል። ሕፃን ያውቀዋል፣ ውሻ እንኳ ሰምቶ ይጋደማል። ባለፈው ሐምሌ በክለብዎ ውድድር ሦስተኛ ቀን ያ ባለ ሰፊ ትከሻ እንግዳዎ ኳሷን ወደ እኛ ሲልካት ግን አልጮኸም፤ እንደ ትራፊክ ፖሊስ ቀኝ እጁን ወደ ሄደችበት ዘረጋ። እኔና ኒኒያን የአንሶላ ጫፍና ጫፍ ይዘን እያጠፍን ነበር፣ የእሱ ጀርባ ወደ መነሻው ነው። የሰማው ድምፅ ቢኖር የተመልካቹ «ኦ!» ብቻ ነው፤ በርቀቱ ተደንቀው መሆኑ ነው። ምን እንዳስደነቃቸው ሊያይ ዞረ። አየው።

ጸሐፊዎ አቶ ስትሩዋን ኪድ ሆስፒታል ድረስ መጥተው፣ «እትዬ ኤልስፔት፣ ልጁ እኮ እጁን ዘርግቷል! በቴሌቪዥን ያላየ የለም» ብለው አጽናኑን። ኒኒያን በፋሻው ሥር ሆኖ፣ «እኔ ግን ቴሌቪዥን እያየሁ አልነበረም፤ አንሶላ እያጠፍኩ ነበር» አላቸው። 

ሁለተኛ፣ ስለ መዝገቡ። ኳሷ የባለቤቴን ፊት መትታ ተመልሳ የታጨደው ሣር መሐል ላይ አረፈች። እንግዳዎም ካረፈችበት መታት፤ ሕጉ ይፈቅዳል። በማግስቱ በክለብዎ በር ላይ የተለጠፈውን የውድድር መዝገብ ሄጄ አነበብኩት። አሥራ አራተኛ ቀዳዳ፤ ርቀት፦ ሦስት መቶ ሠላሳ አንድ ያርድ፤ ትክክለኛነት፦ የታጨደውን ሣር አግኝቷል። ከስሙ አጠገብም ትንሽ የራይት ምልክት ተደርጎለታል። ክቡር ሆይ፣ ርቀትና ትክክለኛነት አብረው አይሄዱም የሚሉ ሰዎች ተሳስተዋል፤ መሐል ላይ የሰው ዓይን ከገባ በደንብ ይሄዳሉ። ያ ምልክት የኒኒያን ነው። ወይ ይፋቅ፣ ወይ በስሙ ይጻፍ።

ሦስተኛ፣ ኳሷን በእንጨት ማስቀመጫ ላይ አቁማችሁ፣ በእንግዳው ፊርማ አስጊጣችሁ በስጦታ ስለላካችሁልን እናመሰግናለን። ደሙም ከላይዋ ታጥቧል።

አራተኛውና የመጨረሻው፣ እንድንፈርምበት የላካችሁት ወረቀት ነው። «በልብስ ማስጫው ሣር ላይ የሚገኝ ማንኛውም ሰው አደጋውን በገዛ ፈቃዱ ተቀብሏል» ይላል። ስድስቱም ቤቶች ካልፈረሙ መነሻውን ወደ ኋላ ማሸሽ እንደማትችሉ ስለማውቅ፣ እስከ ቅዳሜው ስብሰባ ለምን በየቀኑ በራችንን እንደምታንኳኩ ይገባኛል። አምስቱ ፈርመዋል። ጎረቤቴ ጂን ሱታር ፈርማ ስትመጣ ዓይኔን ማየት አቅቷት፣ «ምን ላድርግ ኤልስፔት? ልጄ እዚያው ክለብ ሣር አጭዶ ነው የሚኖረው። እኔን አትቆጪኝ» አለችኝ። እሷን አልተቆጣሁም። የምቆጣው አንዲትን እናት እንደዚያ ያስቀረቀራትን ነው፤ እሱም እርስዎ ነዎት።

ኒኒያን ገመድ ሳይዘረጋ፣ በዓይኑ ብቻ ለክቶ፣ ሜዳዎን ከዳር እስከ ዳር ቀጥ አድርጎ ያጭድ ነበር። ዛሬ ሻይ ሲቀዳ ከስኒው ውጭ ያፈሰዋል። «ትንሽ ወደ ቀኝ ሄደብኝ፣ ርቀቱ ግን እንዴት ነው?» ይለኛል። እኔም እስቅለትና ጓዳ ገብቼ አለቅሳለሁ። በልብስ ማስጫው በኩል ማለፍ ትቷል፤ ተመልካች ሲያጨበጭብ ከሰማ ጠረጴዛው ሥር ይገባል። ይህንን ሰው ነው «አደጋውን በፈቃዱ ተቀብሏል» እንድል የጠየቃችሁኝ።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለኮሚቴዎ ደግሞ ዒላማ የማይመታ ጉልበት ሳይሆን ጥቂት ማስተዋል እንዲሰጠው እየተመኘሁ፣ ጊዜዎን ስለወሰድኩ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ።

በታላቅ አክብሮት፣ ከአንሶላው ወዲያኛው ጫፍ፣
ኤልስፔት ካርጊል
የመረብ ሠሪዎች ረድፍ፣ ቁጥር 6

ማሳሰቢያ፦ አልፈረመችም ተብሎ እንዳልታማ ትናንት ማታ ብዕሬን አንስቼ ፈርሜያለሁ። ባለኝ ጉልበት ሁሉ፣ ረዘም አድርጌ ነው የፈረምኩት፤ ነገር ግን ፊርማዬ ትንሽ ወደ ቀኝ ሄደና ጠበቃችን አጠገቡ ባስቀመጡት ወረቀት ላይ አረፈ። ሰኞ ጠዋት ፍርድ ቤት የሚቀርበው እሱ ነው። በዘመኑ ትክክለኛነት እምብዛም እንደማይጠቅም እርስዎው ራስዎ ስላስረዱን፣ እንደማይቀየሙኝ ተስፋ አደርጋለሁ። እስከዚያው እኔም እንደ እንግዳዎ እጄን ዘርግቻለሁ።