ስም የሌለው ሰባተኛ ወረቀት

ኮሶዬ፣ ጥቅምት 20 ቀን 1958 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለአምሳለ፤

ክረምቱን በደኅና አውጥቶ ለዩኒቨርሲቲሽ ያበቃሽ አምላክ ይመስገን። እኛ ደኅና ነን። ገብሱ ሸጋ ነው። እናትሽ እንኳየሁ «ጾሙ ሳይገባ ሥጋ ትብላ በልልኝ» ብላኛለች፤ ይኸው ብያለሁ።

ለጥናቴ ብለሽ የላክሻቸው ሰባት ወረቀቶች ተሞልተዋል። ምነው ልጄ፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ ከየት አመጣሽው? «በጦር ሰፈር አለቃህ ደብድቦህ ያውቃልን? አንተስ ምልምል ደብድበህ ታውቃለህን?» የድሮ የጦር ጓደኞቼን ሰብስቤ ሳነብላቸው፣ አያ ዳኛው ብድግ ብለው አለቃ ፊት እንደ ቆመ ወታደር ቀጥ አሉና «ቅሬታ የለም!» ብለው ጮኹ። በዚያ ዕድሜያቸው! ስቀን ስናበቃ ግን መጀመሪያ ያለቀሱት እሳቸው ናቸው። ስም አይጻፍ ብለሽ ነበር፤ ማን ሰምቶሽ! «ስም የሌለው ወረቀት የፈሪ ነው» ብለው ስድስቱም ከነማዕረጋቸው አስጻፉኝ።

ሰባተኛው ወረቀት ስም የለውም። የማን እንደ ሆነ አትጠይቂኝ። ሰውየው ሃምሳ አለቃ ነበር። ጣሊያን በወጣ በሦስተኛው ዓመት ፈጠነ የሚባል የድብ ባሕር ልጅ ምልምል ሆኖ መጣለት። ልጁ ሰልፍ ላይ ቢሳሳት ሰውየው በቀበቶ ዘለበት ጆሮውን መታው። ያ ጆሮ ከዚያ ወዲህ አይሰማም። «ለምን መታኸው?» ለሚለው ጥያቄሽ የጻፈው ይህን ነው፤ «እኔንም መትተውኝ ነበርና ሰው በዚህ የሚጠነክር መሰለኝ። ደግሞም ሌሎቹ ሲፈሩኝ ደስ አለኝ።» ይህችን የመጨረሻዋን ለመጻፍ ሦስት ቀን ፈጅቶበታል።

ጽፎ ከጨረሰ በኋላ መጻፉ ብቻ አልበቃው አለ። ባለፈው ቅዳሜ መምሬ ወልደ ገብርኤልን አማላጅ ይዞ ድብ ባሕር ሄደ። እንደ ደንባችን ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ፈጠነ በር ላይ ተደፋ። «ማረኝ» አለ። መምሬም ፈጠነን ለመኑት። እሱም ጎንበስ አለና ጭንቅላቱን አዞረ፤ «በዚህ በኩል ንገረኝ፣ በዚያኛው አልሰማም» አለ። ሰውየው በደኅናው ጆሮ ደግሞ ነገረው። ያን ጊዜ ፈጠነ ድንጋዩን በገዛ እጁ አነሣለት።

ጠላ ቀረበ። ሲሸኘኝም «ልጄ ዘንድሮ ወታደር ተቀጥሯል» አለኝ፤ «ልጅህ ጥናቷን ቶሎ ትጨርስ፤ ለአለቆቹም ታንብብላቸው።»

ውይ! አመለጠኝ። ቀለም ደግሞ አይፋቅ! ሌላ ወረቀት ላወጣ ስል እናትሽ «ተው አንተ ሰውዬ፣ አገር እያየው ድንጋይ የተሸከመ ሰው ከልጁ ምን ይደበቃል?» አለችኝ።

እንግዲህ እኔ ነኝ፣ ልጄ። ፈጠነ በር ላይ እንኳ እንዲህ አልፈራሁም፤ አንቺን ፈራሁሽ። አንድ ቀን በጥፊ ነክቼሽ አላውቅም፤ ምክንያቱን ዛሬ አወቅሽው።

ፈጠነ ለጥምቀት ከወታደሩ ልጁ ጋር እኛ ዘንድ ይውላል። አንቺም ነይና ለልጁ ጥናትሽን አጫውቺው። እስከዚያው ጻፊ፣ ማንንም አትፍሪ። በጥናትሽ አትማሪኝ፤ በቤታችን ግን ማሪኝ።

እጅሽን አያዝልብሽ፤ ቃልሽን ሰሚ አያሳጣው፤ በሄድሽበት በእናት ዓይን የሚያይሽ ሰው ይስጥሽ።

ሰባተኛው ወረቀት ላይም እንደ ስድስቱ ስሜን ጽፌበታለሁ።

አባትሽ፣
የቀድሞው ሃምሳ አለቃ ኃይለ ጊዮርጊስ