ለአባ ጆሮና ለአባ እጅ የሚሆን ማጫወቻ

ለወንድሜ ለኡዘይር አብዱሰመድ
ጓንጁ፣ ቻይና

«ስልክ እያለ፣ ካሴቱም እያለ፣ ሙዚቃ ለመስማት ደግሞ ሌላ ዕቃ ምን ያደርጋል?» ሳትል እንዳልቀረህ አውቃለሁ። «እሱስ ይሁን፤ ይቺ ልጅ ባለፈው ወር ባለ ትልቅ ስክሪኑን ካልገዛህ ብላ ስትለፈልፍ ከርማ አሁን ተወው የምትለኝ ምን ነክቷት ነው?» ብለህም ይሆናል። ሁለቱንም እመልስልሃለሁ፤ ግን ሰላምታ ሳይቀድም ወሬ የለም።

አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ነህ ወንድሜ? ጤናህስ? ያ ሳልህ ለቀቀህ ወይስ አሁንም ስልክ ላይ ሰላምታህን ለሁለት ይቆርጥብሃል? ሥራው እንዴት ነው? አብሮህ የሚኖረው ጃዕፈርስ ደህና ነው? እዚያ ብርዱ ገባ ወይስ ገና በሸሚዝ ነህ? ሩዙ አልሰለቸህም? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ቡራዩም እንደምታውቃት ናት፤ ጠዋት ታክሲ የለም፣ ማታ መብራት የለም፣ መሀል ላይ ግን ሁሉም አለ።

በወረቀት የጻፍኩት አንተው ስላዘዝከኝ ነው። «የድምፅ መልእክትሽ አሥራ አንድ ደቂቃ ነው፤ ሱቅ መሀል ቆሜ አንቺን ሳዳምጥ ሻጩ ምሳ ሄደ። የምትፈልጊውን ጽፈሽ ላኪ፣ ወረቀቱን እያየሁ እገዛለሁ» አልከኝ። ይኸው በእጄ ጽፌ፣ ፎቶ አንስቼ በዊቻት ልኬልሃለሁ። በእጅ ጽሑፌ አትሳቅ። አምስት ዓመት ሙሉ ኪቦርድ ስቀጠቅጥ ብዕር መያዝ ረስቻለሁ።

በመጀመሪያ ስለ ካሴቶቹ። አባ የካሴት ሱቁን ወደ ጨርቅ መሸጫ ሲለውጡት ሳይሸጡ ያስቀሯቸው ሦስት መቶ ሃያ ካሴቶች ሳሎን መደርደሪያው ላይ እንዳሉ ናቸው። ቴፑ ግን አርጅቷል። ጎማው ስለላላ ዘፋኙ ሁሉ እንቅልፍ እንደያዘው ሰው እየተጎተተ ነው የሚዘፍነው። አንዳንዱም ክር ይጣበቅና ይበጠሳል። እኔም ከተመረቅሁ ወዲህ ሥራ እስክይዝ ብዬ፣ ከማመልከቻውና ከፈተናው ሩጫ በተረፈኝ ሰዓት፣ በተዋስኩት ደህና ቴፕ በቀን ሦስትም አራትም ካሴት ወደ ኮምፒውተር እገለብጣለሁ። እስከ ዛሬ ሁለት መቶ አሥር ደርሻለሁ። የምገለብጠው በትልቁ ጥራት ነው። ኦቦ ዲሪርሳ፣ እኚያ የአባ የድሮ ደንበኛ ጎረቤታችን፣ በየቀኑ ብቅ ይሉና «ይቺ ልጅ የዘፈኑን ብቻ ሳይሆን የካሴቱን ሹሹታም በጥራት ቀዳችው» እያሉ ያሾፉብኛል።

ታዲያ ጥራቱ ለምን? አልክ አይደል። እኔም ራሴን ጠይቄ አባን ፈተንኳቸው። አንዱን ዘፈን ተጨምቆ ከጠበበው የስልክ ፋይልና እኔ ከገለበጥኩት፣ ሳልነግራቸው እያቀያየርኩ በዚያው በድሮው አምፕሊፋየርና በሁለቱ ባለ እንጨት ስፒከሮች አሰማኋቸው። ስድስት ጊዜ ቀያየርኩ፤ ስድስቱንም ለዩ። እንዴት አወቁ ብላቸው በጨርቅ ነጋዴ አፍ መለሱልኝ፤ «ይኼ ታጥቦ ታጥቦ የሳሳ ነው፤ ያኛው ገና ከጣቃው የተቀደደ።» ኦቦ ዲሪርሳም ጭንቅላታቸውን እየነቀነቁ «ባዬ ጋሪዳ» አሉ፤ በእሳቸው ሚዛን «በጣም ጥሩ ነው» ከማለት በላይ ምስጋና የለም።

ስትሪመር የሚሉት ዕቃ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። የገለበጥኩትን ሁሉ የያዘውን ሃርድ ዲስክ ከጀርባው ትሰካበታለህ። ኢንተርኔት ካለም ከዚያ ያመጣል። ቁጥር ሆኖ የተቀመጠውን ሙዚቃ ወደ ድምፅ ይመልስና በቀይና በነጭ ገመድ ለአምፕሊፋየሩ ያቀብለዋል። አለቀ። አምፕሊፋየሩም ስፒከሮቹም አይነኩም፤ አባም አያስነኩም።

እኔ ደግሞ ታውቀኛለህ፣ አዲስ ነገር ሳይ ልቤ ይጠፋል። ያንን ባለ ትልቅ ስክሪኑን ኢንተርኔት ላይ ካየሁት ጀምሮ እንቅልፍ አጣሁ። ፊቱ ሙሉ መስታወት፣ የዘፋኙ ፎቶ ቦግ የሚልበት፣ የጥራት ቁጥሩ ከሁሉም የሚበልጥ። ያን የድምፅ መልእክት የላክሁልህ በዚያ ሙቀት ላይ ሆኜ ነው። እስኪመጣ ድረስም አባን ላለማምድ ብዬ ላፕቶፔን ከአምፕሊፋየሩ ጋር አገናኘሁና ትርፍ ስልኬን እንደ ማዘዣ ሰጠኋቸው። በዚያ አላበቃሁም። መደርደሪያውንም አጽድቼ ካሴቶቹን እያንዳንዱ ላይ ስም ለጥፌ በፊደል ተራ ደረደርኳቸው። ሀ ለ ሐ መ። ራሴን በጣም ነበር የወደድኩት።

አሁን የምጽፍልህን ስታነብ ተረጋግተህ አንብብ፤ መጨረሻው ደህና ነው።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ ሱሉልታ ለሥራ ፈተና ውዬ ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ቤት ስገባ፣ አባ ስፒከሮቹ ፊት ተቀምጠዋል። መብራት ረፋድ ላይ ሄዶ ተመልሶ ነበርና ሁሉም ነገር ተዘግቷል። ስልኩን በእጃቸው ይዘው በአውራ ጣታቸው ያሻሹታል። የሚያሻሹት ግን ጀርባውን ነው። ስልኩን ገልብጠው ነበር የያዙት፣ ኡዘይር። «መጣሽ? አንቺን ስጠብቅ ነው፤ ይኼ ነገር እንቢ አለኝ» አሉኝ፣ እየሳቁ። ከስንት ሰዓት ጀምሮ ብላቸው ከዙህር ሶላት በፊት ጀምሮ ነው። እማ ጓሮ ሆና ዝም ሲሉ የተኙ መስሏታል።

ዓይናቸው መድከሙን ሁላችንም እናውቅ ነበር። ምን ያህል እንደደከመ ግን ደብቀውናል። ሰውን በድምፁ፣ ቤቱን በእርምጃ እየቆጠሩ ነበር የሚኖሩት። በማግስቱ አዲስ አበባ ወስደን አስመረመርናቸው። ግላኮማ ነው፤ የዓይን ውስጥ ግፊት ማለት ነው። የሄደው ብርሃን አይመለስም፤ የቀረውን ጭላንጭል ግን ጠብታው ይጠብቀዋል አለች ሐኪሟ። ጠብታውን በሰዓቱ ያደርጋሉ፤ እማ ሰዓት ሲደርስ እንደ ዘበኛ ትቆማለች። በስልክ ያልነገርንህ አባ «በሰው አገር ልጁን አታስደንግጡት» ብለው ስለከለከሉን ነው። አሁን ግን ፈቅደውልኛል፤ «ሳያውቅ ሌላ መስታወት ከሚገዛልኝ ንገሪው» አሉ።

እኔን ያንገበገበኝ ሌላ ነው። ትዝ ይልህ እንደሆነ፣ ሱቁ ውስጥ ደንበኛ ሲመጣ አባ ፊታቸውን ወደ ሰውየው አድርገው እያወሩ፣ እጃቸው ብቻ ወደ ኋላ ሄዶ ካሴቱን ይዞ ይመለስ ነበር። «ሲያዩ አላየሁም» ትለኝ ነበር አንተ፤ እኔ እንደ ተረት ነበር የምሰማው። እሳቸው ዘፈን የሚጠየቁ ሰው ነበሩ። አሁን አንድ ዘፈን ለመስማት የእኔን መምጣት ይጠብቃሉ። ሱሉልታ ያለው ፋብሪካ ደግሞ ተቀብሎኛል! አዎ፣ ሥራ አግኝቻለሁ፤ ከታኅሣሥ አንድ ጀምሮ የማሽን ጥገና ክፍል ነኝ። ከቡራዩ ሱሉልታ በየቀኑ መመላለስ ስለማይሆን እዚያው ተከራይቼ ቅዳሜና እሑድ ነው የምመጣው። እንግዲህ አስበው፤ ያን ባለ ስክሪን ብናመጣው አባ ከሰኞ እስከ ዓርብ ምን ይሰማሉ?

ሉቃስን ጠራሁት። ሉቃስ ዩኒቨርሲቲ አብሮኝ የነበረ፣ አሁን ሰበታ ዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት የሚያስተምር ጓደኛዬ ነው፤ እሱም አያይም። የተማርሁትን ሁሉ ስዘረዝርለት፣ ይሄን ያህል ቢት፣ ይሄን ያህል ኪሎኸርዝ ስለው፣ ታግሦ ሰማኝና «ጨረስሽ? በይ ዓይንሽን ጨፍኚና በስልኩ አንድ መንዙማ ክፈቺልኝ» አለኝ። ጨፈንኩ። መጀመሪያ ካሜራ ከፈትኩ፤ ቀጥሎ ለድሮ አስተማሪዬ ደወልኩ። እማ በሳቅ ልትሞት።

ከዚያ ሉቃስ ወደ መደርደሪያው ሄዶ ካሴት እያነሳ ይዳስስ ጀመር። አንዱን ይዞ ቆመና ጠርዙን ደጋግሞ በጥፍሩ ዳበሰ። «አባባ፣ ይሄን ማን ሠራው?» አላቸው። አባ አፈሩ። ለካ በሱቁ ዘመን መርፌ በእሳት እያጋሉ የእያንዳንዱን ካሴት ጠርዝ ይበሱት ነበር፤ ለመንዙማ አንድ፣ ለሐረር ዘፈን ሁለት፣ ለኦሮምኛ ሦስት፣ ለክራር አራት ነጥብ። መብራት በሄደ ጊዜ ደንበኛ እንዳይመለስባቸው ነው። እኔ ሁለት መቶ አሥሩን ሳገላብጥ ጉዳት መስሎኝ አልፌዋለሁ። በፊደል ተራ ስደረድራቸው ደግሞ እጃቸው የሚያውቀውን ቦታ ሁሉ አፈራረስኩባቸው፤ እሳቸው ደግሞ እንዳልከፋ ብለው ትንፍሽ አላሉም። ሉቃስ «እርስዎ እኮ ተማሪ ቤት ሳይገቡ ብሬል ጀምረዋል» ሲላቸው እንዴት እንደሳቁ ብታይ! እኔ አንገቴን ደፋሁ። በዚያው ቀን ካሴቶቹን በነጥባቸው መልሰን ደረደርናቸው፤ አባ አዛዥ፣ ሉቃስ ዳሳሽ፣ እኔ ተሸካሚ።

ቀጥሎ የሁለት ስትሪመሮች ፊት በልካቸው ከካርቶን ሠራሁ። ባለ ስክሪኑ ልሙጥ ካርቶን ሆነ፤ ሌላኛው፣ ባለ ቁልፉ፣ የለስላሳ ጠርሙስ ክዳን ለማዞሪያ፣ ስድስት የሸሚዝ ቁልፎች ለስድስቱ መጫኛዎች። እማ «አምስት ዓመት አስተምሬ ካርቶን ታጫውትልኛለች» አለች። አባ ልሙጡን ዳሰሱና «ይኼስ ግድግዳ ነው» ብለው መለሱልኝ። ባለ ቁልፉን ግን ሦስተኛው ሙከራ ላይ ሦስት ስላቸው ሦስት፣ አምስት ስላቸው አምስትን ተጫኑ፣ ፊታቸው ወደ ኦቦ ዲሪርሳ ዞሮ እያወሩ! ያንን እጅ ያን ጊዜ አየሁት ወንድሜ። ተረት አይደለም።

ስለዚህ ባለ ስክሪኑን ተወው። የምፈልገው ከዚህ ጋር በላክሁልህ ፎቶ ላይ ከታች ያለውን ጥቁሩን፣ ፊቱ ላይ አንድ ማዞሪያና ስድስት ቁልፍ ያለውን ነው። ቁጥሩ ከዚያኛው ያንሳል፤ ለካሴትና ለሰው ጆሮ ግን ከበቂ በላይ ነው፣ እኔ ነኝ ያልኩህ። ከመግዛትህ በፊት ሻጩን ሰክቶ እንዲያሳይህ አድርግ። ሃርድ ዲስኩን ኢንተርኔት ሳይኖር ማንበብ አለበት። ገመዱን ከግድግዳው ንቀለውና መልሰህ ሰካው፤ ቁልፍ ስትጫን ያለ ስልክ፣ ያለ ጥያቄ መዝፈን አለበት፤ የቡራዩን መብራት የሚችለው እንዲህ ያለው ብቻ ነው። ሻጩ «ይሄኛው ስክሪን አለው» እያለ ሊያባብልህ ይሞክራል፤ እኔንም ስክሪኑ አባብሎኝ ነበር። ከዚያ ዓይንህን ጨፍን። ሰው ቢስቅብህም ጨፍን። ቁልፎቹን ዳስስ፤ አንዱ ከሌላው በጣት ካልተለየ ትተኸው ውጣ። ቁልፎቹ ላይ ነጥቡን እዚህ አባ ራሳቸው በመርፌ ያደርጉበታል። ጃዕፈር ኅዳር ሃያ ወደዚህ እንደሚነሳ ሰምተናል፤ በእጅ ሻንጣው ይያዘው፤ ለጫኚ አይስጠው።

እማ መብሩካ እጅግ አድርጋ ሰላም ብላሃለች፤ ሹራብ ልበስ፣ ሳልህን አትናቅ ትላለች። ኦቦ ዲሪርሳ ሰላም ይሉሃል፤ ሦስተኛው ቁልፍ የእሳቸው ስለሆነ የእሱን ጥራት ለብቻው እንድትፈትሽ አደራ ብለዋል። ሉቃስም አይቶህ ባያውቅም ሰላም ብሎሃል። ለጃዕፈር ሰላምታዬን አድርስልኝ።

የአባ ሰላምታ ግን ከትእዛዝ ጋር ነው። አንደኛው ቁልፍ መንዙማ፣ ሁለተኛው ሐረር፣ ሦስተኛው ኦሮምኛ፣ አራተኛው ክራር፣ አምስተኛው ዜና እንዲሆን ወሰኑ። ስድስተኛው ላይ ምን ላስገባ ብላቸው «ኡዘይርን አስገቢልኝ» አሉ። «ሲደውል ከሰላምታ ቀጥሎ የሸቀጥ ካርቶን መጣ፣ ካርቶን ሄደ ነው። አንድ ቀን ረጋ ብሎ ያውራልኝ። በየትኛው መንገድ ይሄዳል፣ መስኮቱ ምን ያሳየዋል፣ ጎረቤቱ ምን ዓይነት ሰው ነው። ከእንግዲህ እኔ የማየው እናንተ ያያችሁትን ነው» አሉ። ስለዚህ ወንድሜ፣ ጸጥ ያለ ቦታ ፈልገህ ግማሽ ሰዓት ያህል ቅዳና በፍላሽ አድርገህ ከዕቃው ጋር ለጃዕፈር ስጥ። ስለ ገበያ አንዲት ቃል እንዳትገባበት። መቼ እንደምትቀዳ ደግሞ እስከ ኅዳር አሥራ አምስት ጻፍልኝ፤ በየቀኑ ይጠይቁኛል።

እህትህ ራያ አብዱሰመድ
ቡራዩ፣ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.