ድንኳኑን ያስተከልኩት እኔ ነኝ

ለምወድህ ወንድሜ ለሐሪዲ፣

የአላህ ሰላምና እዝነት ባለህበት ይድረስህ። እንደምን ከርመሃል? ወገብህስ እንዴት ሆነልህ? እህል ይበላልሃል? እንቅልፍ ይወስድሃል? የኩዌት ሙቀት ሲብስ በቀትር የምትሠሩት ፎቅ ላይ እንዳትወጣ፤ አለቃህ ቢቆጣም ይቆጣ። እኛ አልሐምዱሊላህ በሕይወት አለን። ላሟ ወልዳለች። ሚስትህ ዋጊዳ ያ ሲያሰቃያት የነበረውን ጥርስ አስነቅላ አሁን ትተኛለች። ትንሿ ልጅህ ሰባህ ቁርኣን ቤት ገብታለች፤ ለአባቷ እንድጽፍላት አደራ ብላኛለች።

ይህን ሁሉ በስልክ ያልነገርኩህ፣ ስልኩ ያለበት ሱቅ ውስጥ ቆሜ ስናወራ ዘይትና ስኳር ሊገዛ የመጣው ሁሉ ጆሮውን ስለሚጥል ነው። ሰይድ ፈቃዱን ጨርሶ ወደ ኩዌት ሥራው ስለሚመለስ ደብዳቤውን በእጁ ልኬዋለሁ። ፊደል የቆጠርኩት ልጄ ጃድ ሲያጠና ከጎኑ ቁጭ ብዬ ነውና ጽሑፌ ቢንጋደድ ታገሰኝ።

ካይሮ ያለው ሰበር ችሎት የልጆቻችንን የሞት ፍርድ መሻሩን ሰምተሃል። በዚያን ቀን መንደሩ በደስታ ተኩስ ተናወጠ፤ ዋጊዳም ድምፅዋ እስኪዘጋ እልል አለች። የኔ ጃድና ያንተ ሑዘይን የሞት ፍርደኛ የሚለብሰውን ቀይ ልብስ አውልቀው ነጭ ለበሱ። ሰበር ግን ነጻ ናቸው አላለም። ጠበቃው ኡስታዝ ረምዚ የሰጠኝን ግልባጭ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት። የለቅሶ ድንኳን መትከል ሰው ለመግደል ማስረጃ አይሆንም፣ ስለዚህ ሌሎች ዳኞች ነገሩን ከሥሩ ይዩት ነው ያለው። አሁን ሶሃግ ላይ እንደ አዲስ ተጀምሯል።

ድንኳኑን ያስተከልኩት እኔ ነኝ ሐሪዲ። የአጎታችን ልጅ ባሌ አብዱልዓል በድርጋም ቤት ሰዎች ከተገደለ ጀምሮ አሥራ ሦስት ዓመት ለቅሶ አልተቀመጥኩም። እንደ አገራችን ደንብ፣ ደሙ ሳይመለስ "አላህ ያጽናሽ" ሊለኝ የመጣውን ሁሉ ከደጄ መለስኩ። ጃድን አንድ ቀን ግደል ብዬው አላውቅም። ግን ልጁ ሲያድግ ያየው ያንን የተዘጋ ደጅ ነው። ከዚያ በላይ ምን ልበለው ኖሯል?

ሸሃት ድርጋም ሸንኮራው ዳር በጥይት ተመትቶ በወደቀበት ማምሻ፣ ጃድና ሑዘይን እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ለብሰው፣ አንገታቸውን ደፍተው ገቡ። ወዲያው የሸሃት ሞት ተሰማ። እኔ ምንም አልጠየቅኋቸውም። ጭቃውንና ዝምታውን አየሁና የገባኝ መሰለኝ። በማግስቱ ወንዶቹን "የአብዱልዓልን ድንኳን ትከሉ" አልኳቸው። ቁርኣን የሚቀራ ሰው ከጊርጋ መጣ፤ አሥራ ሦስት ዓመት ከደጄ የመለስኩት ሰው ሁሉ ተሰልፎ ገባ። ፖሊስ የመጣው ቀጥ ብሎ ወደ ድንኳኑ ነው። ዐቃቤ ሕጉም "ይህ ቤት ገዳዩን ራሱ ነግሮናል" አለ። የድርጋም ሰዎች ደግሞ ልጆቹ በዚያ ማምሻ ከሸንኮራው ሲወጡ አየን ብለው መሰከሩ። ልጆቹ በመጀመሪያው ችሎት አንድ ቃል አልተነፈሱም፤ እንዲሁ ተፈረደባቸው።

ሰበር ፍርዱን ከሻረው በኋላ ነው ጃድ አፉን የከፈተልኝ። ልጠይቀው ሄጄ፣ ገና ሳልቀመጥ "እማ፣ አልገደልኩም" አለኝ። "ታዲያ ያ ጭቃ ምንድን ነው?" አልኩት። አፈረ። "የሐጅ ቶሃሚ የውሃ ተራ ነበር። ባቄላችን ሊደርቅብን ሆነ። እኔና ሑዘይን ቦዩን ሰብረን ወደኛ ማሳ ለቀቅነው" አለ። ያን ሁሉ ጊዜ ለምን እንደ ድንጋይ ዝም አልክ ብዬ ጮኽኩበት። ምን አለኝ መሰለህ፤ "ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሁሉ 'ወንድ ወለድሽ' ሲልሽ ስትስቂ አየሁሽ። ስትስቂ አይቼሽ አላውቅም ነበር እማ። እንዴት አድርጌ፣ እኔ የውሃ ሌባ ነኝ ልበልሽ?"

ከወህኒ ቤቱ ስወጣ ግንቡ ሥር ቁጭ አልኩ። ሲጠየቁ ዋስ ጠበቃ የሚሆናቸውን እውነት፣ የኔን ሳቅ ላለማጥፋት ብሎ ዋጠው።

በነጋታው ሐጅ ቶሃሚ ዘንድ ሄድኩ። ሽማግሌው ሁሉንም ያውቃል! በዚያ ማምሻ ቦዩ ሲሰበር ከሩቅ አይቷቸው ሰድቧቸው ነበር። "ሐጅ፣ ታዲያ ልጆቼ ሊሰቀሉ ሲሉ እንዴት አስቻለህ?" አልኩት። ተቆጣኝ እንጂ አላፈረም። "አንቺ ሴት፣ ለናንተው ክብር ብዬ እኮ ነው! የአብዱልዓል ልጅ የአባቱን ደም መለሰ ተብሎ አገር ሲያወራ፣ እኔ ተነስቼ 'የለም፣ ውሃዬን ሲሰርቅ ነበር' ልበል? ምነው፣ እንዲህ ያለ ጎረቤት አድርገሽ ትገምችኛለሽ?" አለኝ። ብዙ ለመንኩት። በመጨረሻ "ሁለቱም በገዛ አፋቸው ካሉት እመሰክራለሁ። እነሱ ሳይሉት እኔ ካልኩ ግን ቤታችሁን መስደቤ ነው" ብሎ ቃል ሰጠኝ። ከዚያ ወዲያ ንቅንቅ የለም።

ባለፈው ሳምንት ችሎቱ ተሰየመ። ዳኛው ስለ ድንኳኑ ሲያነሱ ከወንበሬ ተነሳሁ። ተቀመጪ አሉኝ። "ጌታዬ፣ ድንኳኑን ማንም ሳይነግረኝ ያስተከልኩት እኔ ነኝ፤ ልጆቹን አልጠየቅኋቸውም" አልኩ። ቃሌን አስመዘገቡት። ከዚያ ጃድ ተከሳሾች የሚቆሙበትን የብረት ፍርግርግ ይዞ "አልገደልኩም። ውሃ እየሰረቅኩ ነበር" አለ። የድርጋም ሰዎች ሳቁ። እነሱስ ይሳቁ። ከኛው ወገን፣ ከኋላዬ፣ የባሌ ወንድም "ቱ! አብዱልዓል የወለደው እንቁራሪት ነው" ሲል ሰማሁት። ከዚያን ቀን ወዲህ ደጄን አልረገጠም፤ ሴቶቹም ቦዩ ዳር ሳገኛቸው እንስራቸውን አንስተው ይሄዳሉ።

ዳኛው ወደ ሑዘይን ዞረው "አንተስ?" አሉት። ልጅህ መሬት መሬት አየ። ደግመው ጠየቁት። አልተናገረም። ረምዚ "አንዱ ውሃ ውስጥ ነበርን እያለ ሌላው ዝም ካለ፣ የጃድም ቃል ውሃ ይበላዋል" ይለኛል። የከፋው ግን ከችሎቱ ደጅ ላይ የገጠመኝ ነው። የሸሃት እናት ሐጃ ናዕሳ በዘንጓ እየተመረኮዘች መጥታ ፊቴ ቆመች። አብዱልዓል ከተገደለ ወዲህ ስታናግረኝ የመጀመሪያዋ ነው። "ረስሚያ፣ እውነት ከሆነ ደመኛዬ ሌላ ነውና የናንተን ልጆች አልነካም። ሁለቱም ይበሉት። አንዱ ተናግሮ አንዱ ዝም ካለ ግን ዝም ያለው ነው ልጄን የገደለው። ዳኛው ቢፈታውም እኔ አልፈታውም" አለችኝ። ሴትዮዋ የምትለውን ታደርጋለች፤ አንተም ታውቃታለህ።

ትናንት ሑዘይንን ለብቻው ጠየቅኩት። ለምን ዝም እንዳለ ልንገርህ፤ አትቆጣ። ድንኳኑ በተተከለ ሰሞን ደውለህ "ዛሬ ገና ወንድ ልጅ እንዳለኝ አወቅሁ" ብለኸው ነበር። እዚያም ለአገር ልጆች በግ አርደህ አበላህ። ይህን ሁሉ ያስታውሳል። "አክስቴ፣ በጉ እኮ ተበልቷል። አባቴ አሁን እነዚያን ሰዎች በምን ዓይኑ ያያቸዋል? እሱ ሳይፈቅድልኝ አልናገርም" አለኝ። አባትህ ይፈቅዳል ስለው "ከአፉ ልስማ" አለ። የኔን ቃል አያምንም። የኔ ቃል ድንኳን አስተክሎበታልና አልፈርድበትም።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ወረቀት ላይ በገዛ እጅህ ጻፍለት። ለሌላ ሰው እንዳታጽፈው፤ ያን እንደ ማጭድ የተቆለመመ የአሊፍ ፊደልህን ያውቀዋል። ረጅም አይሁን። "ልጄ፣ አልገደልክም፤ ደስ ብሎኛል" በለው። ደስ ብሎኛል የሚለውን እንዳትተወው። ቀጠሮው በኤፕሪል ማብቂያ ስለሆነ ፈጥኖ ለሚመጣ ሰው ስጠው።

የአብዱልዓል ደም ምን ይሁን ትለኝ ይሆናል። ጉድጓዱ ውስጥ ያለው የኔ ባል ነው፤ ጥቁሩን የለበስኩትም እኔ ነኝ። ለቅሶዬን ተቀምጫለሁ፤ ዳግም አልከፍተውም፣ ከማንም ምንም አልፈልግም። ሸሃትን ማን ገደለው ብዬም አልጠይቅም። ለጠየቀህ ሁሉ ይህን ቃሌን ንገር። እኔና አንተ አብረን አጨብጭበንላቸው ነው ልጆቹን እዚያ ያስገባናቸው። እኔ የኔን ድርሻ ችሎት ፊት ቆሜ ተናግሬያለሁ።

ዋጊዳ ብዙ ናፍቆት አላት። ከችሎቱ ወዲህ ባታናግረኝም፣ ይህን ስጽፍ መብራቱን አምጥታ አጠገቤ አስቀመጠችልኝ። ሰባህ እጅህን ትስማለች፤ የተማረችውን ሱራ ሳትሳሳት ልታነብልህ ትጠብቅሃለች። ሐጅ ቶሃሚ ሰላም በይልኝ ብሏል። ጃድ ከፍርግርጉ ኋላ "አጎቴን ይቅር በለኝ በይው" ብሏል። አብረውህ ለሚያድሩት ለአገር ልጆች፣ በጉን ለበሉትም ሁሉ፣ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ከሑዘይን የማደርስልህ ሰላምታ የለኝም። አልላከም። ያንተን እየጠበቀ ነው።

እህትህ ረስሚያ
ነጅዕ አቡ ሸወካ፣ ጊርጋ
ማርች 11 ቀን 1999 እ.ኤ.አ.