ከሲሚንቶው ሥር

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 6

የመንግሥት የምርምር ድጋፍ ከስንት ደጅ ጥናት በኋላ ተፈቀደልኝ። ርዕሱን የመረጥኩት ራሴ ነበርኩ፤ የፉሪ ረግረግ እንቁራሪቶች እንዴት እንደሚጠራሩ። ገምጋሚዎቹ "ለልማት ምን ይጠቅማል?" እያሉ ሦስት ጊዜ መልሰውብኛል። ሦስቱንም ጊዜ "ለማወቅ ነው" ብዬ ጻፍኩ።

ዛሬ ከሰዓት በካፊያ መቅረጫዬን ይዤ ሄድኩ። ረግረጉ የለም። ተደልድሎ ሲሚንቶ ፈሶበታል፤ የሕንፃ መሠረት ሆኗል። ድሮ እዚያ ያርሱ የነበሩት ኦቦ ገመቹ አሁን የግንባታው ጥበቃ ናቸው።

"ዘገየሽ ልጄ" አሉኝ። "እንቁራሪቶቹ ካለቁ ሁለት ክረምት አለፈ።"

ባዶ እጄን ላለመመለስ እኛ የእንቁራሪት ተመራማሪዎች ሁልጊዜ የምንሠራውን ሠራሁ። ከሦስት ዓመት በፊት ማመልከቻውን ሳስገባ ከዚያው ቦታ የቀዳሁትን የወንዱን እንቁራሪት ጥሪ በድምፅ ማጉያ ከፍቼ መልስ መጠበቅ ጀመርኩ። በሦስተኛው ጥሪ መልስ መጣ። አንድ ብቻ፣ ቀስ ያለ፣ ከእግራችን ሥር፣ ከሲሚንቶው ውስጥ። ኦቦ ገመቹ ባርኔጣቸውን አወለቁ። እኔም ጎንበስ ብዬ መቅረጫውን ወደ ሲሚንቶው አስጠጋሁ።

ቤት ገብቼ የዛሬውን ቅጂ አራት ጊዜ ሰማሁት። ጥሪው አለ። ካፊያው አለ። መልሱ የለም። እሱ መሰማት በነበረበት ቦታ ረጅም ጸጥታ ነው ያለው። ከዚያ ኦቦ ገመቹ ዝግ ባለ ድምፅ "ሰማሽው?" ይላሉ፤ እኔ ደግሞ "ሰማሁት" እላለሁ።

የድጋፉ ሪፖርት በቦታው የተቀዳውን ድምፅ ሁሉ ጻፊ ይላል። የተቀዳው የእኛ ድምፅ ብቻ ነው።