ሁለት ጠዋት በአንድ ጀሪካን

ሰኞ፣ ማርች 4
ዶርትሙንድ ዝናብ ብቻ። ሦስት ቤት ዞሬ ሦስት ትንንሽ ጀሪካን ሽንት ይዤ በትራም ተመለስኩ። በአንዱ ቤት የዘጠኝ ዓመቷ መርለ በሩን ከፍታ፣ «እማዬ፣ የሽንቷ እመቤት መጣች!» አለች። እናቷ ወይዘሮ ሺማኒያክ በሳቅ ሞተች። «ግቢ፣ ቋሊማ አለ።» ቋሊማ፣ ቺዝ፣ ዳቦ... አትክልት የሚባል የለም። ለምርምር ጥያቄዬ የተፈጠረች ልጅ! እንዲህ ያለው ምግብ ሰውነት ውስጥ የሚተወው አሲድ ጤነኛ ልጅ ላይ እንኳ የጭንቀት ሆርሞን ይጨምራል? የአሥራ ሁለት ልጆች የሃያ አራት ሰዓት ሽንት ይነግረኛል። አለቃዬ ዶክተር ኦስትካምፕ የዶክትሬቱን ቦታ ለማን እንደምትሰጥ የምትወስነው አርብ 15 ነው። ብቻ ውጤቱ እንዳሰብኩት ይውጣልኝ...

አርብ፣ ማርች 8
ወጣ! አሲዱ በጨመረ ቁጥር ሆርሞኑም ይጨምራል። ከሁሉም ከፍ ያለው የመርለ ቁጥር ነው። ዶክተር አየችውና፣ «ቆንጆ ነው። አርብ አቅርቢው» አለች። እሷ ቆንጆ ነው ስትል ሰምቼ አላውቅም።

እሑድ፣ ማርች 10
መርለ የበላችውን ቋሊማ ክብደት ልጠይቅ ደወልኩ። መርለ አነሳች።
«ጀሪካኑ ሞልቶ ሊፈስ ነበር እኮ! የሁለት ጠዋት ነው።»
«የምን ሁለት ጠዋት?»
«እሑድ ስነሳም፣ ሰኞ ስነሳም። ወረቀትሽ ነው እንደዛ ያለው።»
ወረቀቴ። የድሮው መመሪያ ደረቅ ነው ብዬ በሥዕል አሳምሬ የጻፍኩት። «የመጀመሪያውን ጠዋት ሽንት ድፉት፣ ሰዓቱን መዝግቡ» የምትለዋ መስመር... የለችም። ለሥዕሉ ቦታ አልበቃ ብሎኝ ነው ያወጣኋት? አላስታውስም። የመጀመሪያው ጠዋት ሽንት ከዚያ በፊት የነበረው ሌሊት ነው። ጀሪካኑ ውስጥ መግባት አልነበረበትም።

ሰኞ፣ ማርች 11
ሁሉም ጋ ደወልኩ። ሰባቱ በጥናታችን ለዓመታት የቆዩ ቤተሰቦች ናቸው፤ «እኛማ ለምደነዋል፣ የመጀመሪያውን እንደፋለን» አሉኝ። አምስቱ አዲሶች የወረቀቴን ቃል አክብረው ሁለቱንም ጠዋት አጠራቅመዋል። ከፍ ያሉት አምስት ነጥቦች እነሱው ናቸው። ትርፍ ሽንት ሲገባ አሲዱም ሆርሞኑም አብሮ ይጨምራላ! ያገኘሁት የራሴን ስህተት ነው እንዴ?

ማክሰኞ፣ ማርች 12
ዝም ብልስ? ማንም አያውቅም። መርለ ታውቃለች።

አርብ፣ ማርች 15
ለዶክተር ነገርኳት። መነጽሯን አወለቀች።
«ሥዕሉን ማን ሣለው?»
«እኔ።»
«ያምራል። መስመሯስ የት ገባች?»
መነጽሯን መልሳ አደረገች።
«አምስቱንም እንደ አዲስ ሰብስቢ።»
«ቦታውስ፣ ዶክተር?»
«ዛሬ ስለ ቦታ አታንሺብኝ።»

እሑድ፣ ማርች 24
ውሳኔው በሳምንት ዘግይቶ፣ ቦታው አርብ 22 ለሌላ ሰው ተሰጠ። ትራም ውስጥ አለቀስኩ፤ አንዲት ሴትዮ መሀረብ ሰጠችኝ። ዛሬ በማለዳ ሺማኒያክ ቤት ነኝ። ወይዘሮዋ በሌሊት ልብሷ፣ «አንቺ ልጅ፣ እሑድ እንኳ አትተኚም?» አለችኝ። አልተኛሁም። ሆርሞኑ እንዲጨምር ብቻ ነበር የምፈልገው... አሁን የመርለ ቁጥር ቢወርድም ማወቅ እፈልጋለሁ። ከሽንት ቤት ውኃው ሲለቀቅ ተሰማ።
«ደፋሁት!» ብላ ጮኸች። «ሰዓቱን ጻፊ፣ እንዳትረሺ ደግሞ!»
ጻፍኩ። አንድ ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ። ጀሪካኑን ከፍቼ ወደ ውስጥ አየሁ። ባዶ ነው።