ወይዘሮ ፋና ደበሳይና የአየርላንድ ሙታኖቻቸው

ወይዘሮ ፋና ደበሳይ፣ በክርስትና ስማቸው ወለተ ገብርኤል፣ ከአባታቸው ከአቶ ደበሳይ ተኽለሃይማኖትና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኣስገደት ገብረሃና በ1948 ዓ.ም. በከረን ከተማ ተወለዱ። እዚያው አማርኛና እንግሊዝኛ ተምረው በ1970 ዓ.ም. ወደ ሮም መጡ። በ1974 ዓ.ም. ከአቶ ኃይለ ገብርኤል ሲሳይ ጋር በቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ተጋብተው ሲኒትንና ሚካኤልን ወለዱ። እስከዚህ ድረስ ቤተሰቡ ይስማማል። የማይስማማው በታናሽ ወንድማቸው በአቶ ሰናይ ነገር ነው፤ ይህን ጽሑፍ የምታሰናዳው ልጃቸው ሲኒትም የአጎቷን ስም ከሟቾች ታስፍረው ከቋሚዎች ግራ ገብቷታል።

ወይዘሮ ፋና በ1998 ዓ.ም. ሚስ ኖራ የሚባሉ አየርላንዳዊት ጡረተኛ መምህርት ዘንድ ባዳንቴ፣ ማለትም የአረጋዊ አስታማሚ፣ ሆነው ተቀጠሩ። ሚስ ኖራ ዓይናቸው ደክሞ ስለነበር ሥራው ማስታመም ብቻ ሳይሆን ጮክ ብሎ ማንበብም ነበረበት፤ የአየርላንድን ታሪክ፣ የሰዎቿን ሕይወት፣ የረግረጓንና የድንጋይ አጥሯን ነገር። መምህርቷ ሲያርፉ መጻሕፍቱን ሁሉ ተናዘዙላቸው። ሮም ፒኜቶ ሰፈር ያለችው ቤታቸው ጠበበች፤ ሳህን መጽሐፍ ላይ አስቀምጦ መብላት ተለመደ። አየርላንድን አንድም ቀን ያልረገጡት ወይዘሮ ፋና ድንች ሲልጡ እንባቸው ይወርድ ጀመር። ሽንኩርት ቢሆን ቤተሰቡ ይገባው ነበር።

በ2003 ዓ.ም. አቶ ሰናይ ከሊቢያ በጀልባ ተነስተው ደብዛቸው ጠፋ። ወይዘሮ ፋና ፍትሐት ይደረግለት ሲባሉ እምቢ አሉ። በዚያው ሰሞን ግን ብሪጂት ለምትባል ሴትና ለልጆቿ ጸሎት አስደረጉ። የብሪጂትና የልጆቿ ስም በቅዳሴ ሲጠራ የሰሙ እናቶች የቅርብ ዘመድ መስሏቸው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ላዛኛ ይዘው፣ በትራም ለቅሶ መጡ። አልቅሰው ሲያበቁ ወይዘሮ ማኅሌት የተባሉት ጎረቤት "ለመሆኑ መቼ ነው ያረፉት?" ብለው ጠየቁ።

"በ1840 ዓ.ም.፣ የአየርላንድ ድንች በበሽታ በጠፋበት በረሃቡ ጊዜ" አሉ ወይዘሮ ፋና፣ ምግቡን እያቀረቡ።

ወይዘሮ ማኅሌት ተቆጡ፤ "አሎራ፣ ታዲያ ለሰናይ ያልተለቀሰ ለባዕድ?"

"የእነሱን ሞት ተጽፎ አነበብኩት፣ ማኅሌትዬ። የሰናይን ማን አየ?"

እናቶቹ ተያዩ፤ ላዛኛውም ተበላ። ነገሩ ለወይዘሮ ፋና ግልጽ ነበር፤ ሌላው ግን እስከ ዛሬ አልገባውም።

ወይዘሮ ፋና ባደረባቸው የልብ ሕመም ሲረዱ ቆይተው ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. አረፉ። ሲኒት የአጎቷን ስም ደጋግማ ጻፈች፣ ደጋግማ ሰረዘች። ሚካኤል "ባስታ፣ ይበቃል፤ እውነቱን እንቀበል" አላት። አባቷ መነጽራቸውን አውልቀው "እናትሽ ብትሆን የት ትጽፈው ነበር?" ብቻ አሉ። እናቷ የት ይጽፉት እንደነበር ታውቃለች፤ ትክክል መሆኑን ግን አሁንም አታውቅም።

ወይዘሮ ፋና ባለቤታቸውን አቶ ኃይለ ገብርኤልን፣ ልጆቻቸውን ሲኒትንና ሚካኤልን፣ ታናሽ ወንድማቸውንም አቶ ሰናይ ደበሳይን በሐዘን ትተው ተለይተዋል። አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍ፤ ለአቶ ሰናይም፣ ባሉበት፣ መጽናናቱን ይላክላቸው።